የደጋ ውሻ ቁርጥማትና የመንጋ ጥበቃ

በደጋ አገር የሚኖር ገበሬ ሀብቱ በሬውና በጉ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ይህን ሀብት ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅለት ውሻው መሆኑን አስቦ ከሀብቱ ጋራ የሚቈጥረው ሰው ግን ጥቂት ነው። በሬ ቢያነክስ ባለቤቱ ሰኰናውን አንሥቶ ያያል፤ በቅሎ ብታነክስ ሐኪም ይፈለግላታል፤ ውሻ ሲያነክስ ግን «አረጀ» ወይም «ሰነፈ» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ፍርድ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ስሕተቱም በውሻው ላይ ብቻ የሚቀር ሳይሆን በመንጋውና በሰው ጤና ላይ ጕዳት የሚያመጣ ነው። ጕዳቱን ለመከላከል የሚያስፈልገው ወጪ ደግሞ እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፥ ነገሩን የአገር ገዥዎች፥ የወረዳ ሹማምንትና ባለ መሬቶች ሁሉ ሊያውቁት ይገባል።

ብርድ የሚጸናበት ጊዜ

የኢትዮጵያ ደጋ ብርድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የክረምቱ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናሙ ስለሚበረታ መሬቱ ጭቃ፥ አየሩም ጭጋግ ይሆናል፤ ውሻም ጠጕሩ ሳይደርቅ ያድራል። ሁለተኛው የበጋው ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ስለሚያድር መሬት ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ታጣዋለች፤ ሲነጋም ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ይገኛል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በባሌ የሰነቴ አምባ 4,000 ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በስሜን ተራሮችም ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። በነዚህ አገሮች ቀን በፀሓይ የሞቀ ሰው ሌሊት ጋቢ በጋቢ ላይ ቢደርብ አይበዛበትም። በዚያው ሌሊት ውሻው ከበረቱ ደጃፍ በባዶ መሬት ላይ ተጠቅልሎ ያድራል።

ውሻ ጠጕራም ስለ ሆነ ብርድ አይነካውም የሚል አሳብ በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ጤነኛና ጐልማሳ ውሻ በደረቅ ቦታ ከተኛ ብርድን በብዙው እንደሚችል እውነት ነው። ነገር ግን ጠጕር የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ሲይዝ ነው፤ ሲርስ አየሩ ስለሚለቅ ማሞቁ ይቀራል። ዳግመኛም ውሻው በተኛበት በኩል ያለው ጠጕር በክብደቱ ስለሚጫን፥ ቀዝቃዛው መሬት የሰውነቱን ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ ሲስብ ያድራል። ስለዚህ ከላይ የሚነፍሰውን ነፋስ ብቻ ከልክሎ ከሥር ያለውን እርጥበት መተው ግማሽ ሥራ ነው።

መገጣጠሚያ የሚታመምበት ምክንያት

ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ ጫፎቻቸው ቅርጨጭት በሚባል ለስላሳ ነገር የተሸፈኑ ናቸው። በመካከላቸው እንደ ዘይት የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ፤ ዙሪያውንም ጅማትና ሥጋ ደግፎ ይይዘዋል። ቅርጨጭት የራሱ የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከዚሁ ፈሳሽ ነው። እንስሳው ሲረግጥ ቅርጨጭቱ ይጨመቃል፥ እግሩን ሲያነሣ ይለቀቃል፤ ፈሳሹም እየወጣና እየገባ ይመግበዋል። እንግዲህ ልከኛ እንቅስቃሴ ለመገጣጠሚያ እንደ ቀለብ ነው ማለት ይቻላል። ደም የማይደርሰው በመሆኑ ግን ቅርጨጭት አንድ ጊዜ ከተበላ እንደ ሥጋ ቍስል መልሶ አይሽርም። ሲሳሳ አጥንቱ ይታመማል፥ መገጣጠሚያው ያብጣል፥ በዳርና ዳሩም ትርፍ አጥንት ይበቅላል። አገሬው ቁርጥማት የሚለው፥ ሐኪሞችም ኦስቲዮአርትራይተስ ብለው የሚጠሩት ደዌ ይህ ነው።

የሚመጣውም ከእርጅና ብቻ አይደለም። ከልደቱ የዳሌው መጋጠሚያ ያልተስተካከለ ውሻ ገና በወጣትነቱ ሊታመም ይችላል። በድንጋይ የተመታ፥ መኪና የገጨው፥ አጥንቱ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ ውሻ በዚያው ስፍራ ቁርጥማት ያገኘዋል። ከልክ በላይ የወፈረም ውሻ መገጣጠሚያው ሁልጊዜ ትርፍ ሸክም ስለሚሸከም ፈጥኖ ይጐዳል።

ብርድ የዚህ ደዌ ሥር አይደለም፤ የሚያባብሰው ነው። በብርድ ጊዜ የመገጣጠሚያው ፈሳሽ ይወፍራል፥ ሥጋና ጅማት ይጠብቃሉ፥ ሕመሙም ይበረታል። የታመመ ውሻ መተኛትን ይመርጣል፤ ሲተኛ የታፋው ሥጋ ይመነምናል፤ ሥጋው ሲመነምን መገጣጠሚያው ደጋፊ ያጣል፤ ደጋፊ ሲያጣም ሕመሙ ይጨምራል። ውሻ ከክብደቱ ከመቶ 60 ያህሉን የሚሸከመው በፊት እግሮቹ ነው፤ የኋላ እግሮቹ ሲታመሙ ከዚህም የበለጠ ሸክም ወደ ፊት ስለሚገፋ፥ ቈይቶ ክርኑና ትከሻው ደግሞ ይደክማሉ። ደዌው በጊዜ ካልተያዘ እንደ ወፍጮ እየዞረ የሚፈጭ ነው።

ምልክቶቹ

ውሻ እንደ ሰው «አመመኝ» አይልም፤ ሕመሙንም በጩኸት የሚገልጠው ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በዓይኑ መመርመር አለበት። ማለዳ ከተኛበት ሲነሣ ይዘገያል፤ ጥቂት እርምጃ እስኪሄድ እግሩ ደርቆ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ይፍታታል። ቀድሞ በአንድ ዝላይ ያልፈው የነበረውን የድንጋይ ካብ ዞሮ ማለፍ ይጀምራል። አንዱን መገጣጠሚያ አዘውትሮ ይልሳል። አንዱ ታፋ ከሌላው ቀጥኖ ይገኛል። ልጆች ጀርባውን ወይም ዳሌው ላይ ሲነኩት፥ ከዚህ በፊት የማያደርገውን፥ ያጕረመርማል። ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋራ የዋለ እንደ ሆነ ማታውን ያነክሳል።

በበረት ዘንድ የሚታየው ምልክት ግን ከሁሉ የሚብሰው ነው። ጅብ ወይም ቀበሮ በታኅሣሥ ሌሊት ወደ በረቱ ሲቀርብ ውሻው ይሰማል፥ ይጮኻልም፤ ነገር ግን ተነሥቶ እስኪሮጥ ጊዜ ያልፋል። ባለቤቱ ሲነጋ የጐደለውን በግ ቈጥሮ ውሻውን ይረግማል። የጐደለው ግን የውሻው ትጋት ሳይሆን መኝታው ነበረ።

ከእብድ ውሻ በሽታ ጋራ እንዳይምታታ

እዚህ ላይ እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የእግር መድከም የእብድ ውሻ በሽታም ምልክት ሊሆን ይችላልና። የሁለቱ ልዩነት እንደሚከተለው ነው። ቁርጥማት በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ ውሻው ጠባዩ አይለወጥም፥ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ጌታውንም ያውቃል፤ ጥቂት ሲሄድም ይሻለዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን በጥቂት ቀኖች ውስጥ ይብሳል፤ የኋላ እግሮቹ ይዝላሉ፥ መንጋጋው ይወድቃል፥ ለሃጩ ይዝረበረባል፥ መዋጥ ይሳነዋል፥ ድምፁና ጠባዩ ይለወጣል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም ብዙ ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። እንዲህ ያለውን ውሻ አጥንት አንቆት ነው ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ ሕይወትን ለሞት አሳልፎ መስጠት ነው። ሰው ሳይቀርበው ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ማስታወቅ ይገባል።

ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ ከምልክቱ በፊት በጊዜ የሚሰጥ ክትባት ግን ያድናል።

እግሩ በድንገት የከበደውም ውሻ ሁሉ ቁርጥማት አለበት ማለት አይደለም። በጣቶቹ መካከል እሾህ ገብቶ፥ አጥንቱ ተሰንጥቆ ወይም መዥገር የሚያስተላልፈው ደዌ ይዞት ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ መዳፉን ማየት፥ ቀጥሎም ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

መኝታ

ከሕክምናው ሁሉ መጀመሪያው ደረቅ መኝታ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ነገር በማንኛውም የደጋ መንደር ይገኛል። በበረቱ አጠገብ ነፋስ በማይመጣበት በኩል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረደራል፤ በላዩ የባሕር ዛፍ አጣና ይረበረባል፤ መኝታውም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። በአጣናው ላይ የገብስ ወይም የስንዴ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር በወፍራሙ ይነጠፋል። መንዝና አካባቢው ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚጠቀምበት የጓሳ ሣር ለዚህም ይሆናል። ያረጀ ባና ቢጨመርበት መልካም ነው፤ ነገር ግን የረጠበ ባና ከባዶ መሬት ይብሳልና በየጊዜው በፀሓይ መሰጣት አለበት።

ጐጆው ትልቅ መሆን አይገባውም። ውሻው የሚቆምበትና የሚዞርበት ያህል ከሆነ የገዛ ትንፋሹና የሰውነቱ ሙቀት ያሞቀዋል፤ ሰፊ ከሆነ ግን ሙቀቱ ይበተናል። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ዞሮ፥ ወደ በረቱ የሚያሳይ ይሁን፤ ጠባቂ ማየት አለበትና። ደጃፉ ዝቅ ያለና ካብ የሌለው ይሁን፤ የታመመ ውሻ እየዘለለ እንዳይገባና እንዳይወጣ። ጭዱ ሲርስና ሲደቅ ይለወጥ፤ የቈየ ጭድ እርጥበትንም ቍንጫንም ይሰበስባል። በክረምት ከዝናም የመጣ ውሻ በማቅ ወይም በአሮጌ ጨርቅ ተጠርጎ ይግባ።

እንቅስቃሴ

በባለ ጸጎች ግቢና በከተማ ቤቶች የተለመደው ውሻን ቀን በአጭር ሰንሰለት አስሮ ሌሊት መፍታት ነው። ይህ ልማድ መገጣጠሚያን የሚያደርቅ ነው። ቀኑን ሙሉ በአንድ ድንጋይ ላይ ተኝቶ የዋለ ውሻ ሌሊት በብርድ ተነሥቶ ሩጥ ሲባል፥ ያልተፍታታው ጅማት ይጐዳል። ማሰር የግድ የሆነበት ቦታ ሰንሰለቱ ይርዘም፤ ውሻውም ፀሓይ ከወጣች በኋላ 10 ወይም 15 ደቂቃ ያህል በዝግታ ይንሸራሸር፤ ከሰዓት በኋላ ይኸው ይደገም። ሳምንቱን ሙሉ አስተኝቶ በገበያ ቀን ሩቅ መንገድ ማስከተል ከማሳረፉም ከማሠራቱም ያልሆነ ጕዳት ነው። በየቀኑ ጥቂት፥ በየቀኑም እኩል የሆነ እንቅስቃሴ ይሻላል።

ማለዳ እግሩ ለደረቀበት ውሻ በሞቀ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ በመገጣጠሚያው ላይ ማኖር ይረዳል። ሙቀቱ የሰው እጅ የሚችለው ያህል ይሁን፤ ሲያበቃም ጠጕሩ በሚገባ ይድረቅ። በዚያው ቀን ተመትቶ ባበጠ ስፍራ ላይ ግን ሙቀት አይደረግም።

ምግብ

በዚህ ነገር የገጠሩና የከተማው ውሻ ጕዳት ልዩ ልዩ ነው። የገጠሩ ውሻ ብዙ ጊዜ ከሲታ ነው፤ ሥጋ ስለሌለው መገጣጠሚያው ደጋፊ ያጣል፥ ብርድንም የሚቋቋምበት ኃይል አይኖረውም። ስለዚህ በብርድ ወራት የሚሠራ ከሲታ ውሻ ቀለቡ ሊጨመርለት ይገባል። በሥጋ ቤትና በባለ ጸጋ ግቢ ያለው ውሻ ደግሞ ይወፍራል፤ ለእርሱ ቀለብ መቀነስ መድኃኒት ነው። ልኩን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም። እጅን በጐኑ ላይ ሲያሳልፉ የጐድን አጥንቱ ሳይጫኑት ከተዳሰሰ፥ በሩቅ ግን ተቈጥሮ ካልታየ፥ ልኩ ያ ነው።

ልከኛ ምግብ የሚያመጣው ጥቅም በምርመራ ተረጋግጧል። በአሜሪካ አገር 48 የላብራዶር ውሾች ከቡችላነታቸው ጀምሮ እስኪሞቱ ድረስ በጥንድ በጥንድ ተይዘው፥ ከጥንዱ አንደኛው ሌላው ከሚበላው በመቶ 25 እጅ የቀነሰ ይበላ ነበረ። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 ዓመት በታተመው ውጤት መሠረት፥ እንደ ልብ የበሉት መካከለኛ ዕድሜያቸው 11.2 ዓመት፥ በልክ የበሉት ግን 13 ዓመት ሆነ። የመገጣጠሚያ ደዌም በልክ በሚበሉት ላይ ዘግይቶ ታየ። ይህ ውጤት የጠገቡ ውሾችን የሚመለከት መሆኑን መርሳት አይገባም፤ የተራበውን ውሻ ይበልጥ ማስራብ ትምህርቱ አይደለም።

በእርድ ቀን ጥሬ ጕበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር ትልቅ ስሕተት ነው። በውስጡ ውሃ የቋጠረ እጢ ካለበት፥ ውሻው የኮሶ ዓይነት ትል ይይዘዋል፤ እንቍላሉም ከኵሱ ወደ ሰውና ወደ ከብት ተመልሶ በጕበትና በሳንባ ይቋጥራል። በጎችን እያዞረ የሚገድለው አዙሪትም፥ የታመመ በግ ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ በመስጠት የሚስፋፋ ነው። እጢ ያለበት ይቃጠል ወይም ጥልቅ ጕድጓድ ይቀበር፤ የቀረውም በሚገባ ተቀቅሎ ይሰጥ።

መድኃኒት

ሰው ለራሱ ሕመም የሚወስደውን ኪኒን ለውሻ መስጠት አደገኛ ነው። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቈስላሉ፥ ኵላሊቱንም ይጐዳሉ፤ ፓራሲታሞልም ልኩ ሲያልፍ ጕበቱንና ደሙን ያበላሻል። ለውሻ የሚሆኑ የሕመም ማስታገሻዎች፥ እንደ ካርፕሮፌንና እንደ ሜሎክሲካም ያሉት፥ በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ በክብደቱ ልክ የሚሰጡ ናቸው። የዓሣ ዘይትም በሐኪም ምክር ቢሰጥ ለአንዳንዱ ይረዳል። የታመመ መገጣጠሚያን በጋለ ብረት መተኰስ ግን በሕመም ላይ ቍስል መጨመር ስለ ሆነ መተው አለበት።

የተባረረው ውሻ

ሌሊት መሮጥ ያቃተው ውሻ በብዙ ስፍራ ዕጣው መባረር ነው። የተባረረ ውሻ ግን አይጠፋም። ወደ ገበያ ዳር፥ ወደ ቄራና ወደ ቈሻሻ መጣያ ይሄዳል፤ ከባለቤት አልባ ውሾች ጋራ ይነካከሳል፤ በክትባት ቀን የሚያቀርበው ጌታ የለውም። ከዚያ በኋላ የሚነክሰው ልጅ የማንም ልጅ ሊሆን ይችላል።

ጕዳቱ እስከ ዱር ይደርሳል። በባሌ ተራሮች በፈረንጆች አቈጣጠር በ1991 እና በ1992፥ ዳግመኛም በ2003፥ ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ቀይ ቀበሮ ብዙውን ፈጀው። በጠቅላላ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ያህል ብቻ ስለ ሆኑ፥ አንድ ወረርሽኝ የአንዱን ተራራ ዘር ሊያጠፋ ይችላል። ሕዝቡ በቄሮ ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ ሲጠብቀው በኖረው በመንዝ ጓሳም ይህ እንስሳ አለ፤ ኑሮውም በአይጥ ላይ ነው። የአገሩ ሰው ሣሩን እንደ ጠበቀ ሁሉ የውሻውን ክትባት ቢጠብቅ፥ ጓሳውን በሁለት ወገን ጠበቀ ማለት ነው።

የሹማምንት ድርሻ

በዚህ ነገር ከሹም የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ሥርዐት ማስያዝ ነው። የእብድ ውሻ ክትባት ውርጭ ሳይገባ፥ በጥቅምት ቢደረግ፥ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪሙ የውሾቹን አረማመድ ሊያይ፥ የከሳውንና የወፈረውን ሊለይ፥ ስለ መኝታና ስለ ጥሬ እጢ ለባለቤቶቹ ሊነግር ይችላል። አንድ ቀን ለሦስት ሥራ ይበቃል። ከ10 ውሾች ቢያንስ 7ቱ በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ውሾችን በመርዝ መግደል ግን በሽታውን አያጠፋም፤ በሞቱት ስፍራ ያልተከተቡ ሌሎች ይተካሉ፤ መርዙም ለከብትና ለዱር እንስሳ ይተርፋል።

ባለ መሬቶችና ባለ መንጎችም በበኩላቸው ምሳሌ መሆን ይችላሉ። በግቢያቸው ከፍ ያለ ደረቅ መኝታ ቢያሠሩ፥ ሰንሰለቱን ቢያስረዝሙ፥ ጐረቤት አይቶ ይከተላል። እግሩ የደከመውንም ውሻ ከማባረር ይልቅ በደጃፍ አስቀምጦ ማባረሩን ከእርሱ ጋራ ላደገ ወጣት ውሻ መስጠት ብልኅነት ነው። ወጣቱ ይሮጣል፤ አሮጌው የትኛው ኮቴ የጐረቤት፥ የትኛው የሌባ እንደ ሆነ ለብዙ ዓመታት የለየ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እግሩ ቢደርቅም ድምፁ አያረጅም። ጥቂት ጭድና አራት አጣና ለዚህ ድምፅ የሚከፈል ዋጋ ቢሆን፥ የሚበዛ አይደለም።